መፈለጊያውን እንዴት እንጠይቀው?



መስከረም ሲጠባ ደብተርና እስክሪብቶ፣ ዩኒፎርምና ጫማ መግዛት የቆየ ልማዳችን ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ከእነዚህ ጋር አንድ ሌላ ዕቃ ለጥናት ይፈለጋል፤ ይኸውም ስልክ ነው። የራሳችን ባይሆን የታላቅ ወንድማችን ወይም የአባታችን ይሆናል። በዚህም ምክንያት በጎረቤላ ማታ ማታ በየቤቱ አንድ ዓይነት ክርክር ይሰማል። ልጅ «እያጠናሁ ነው» ይላል። አባት «ስልክ ላይ ተጥዶ ማምሸት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጥናት የሆነው?» ይላል። ሁለቱም የሚሉት አላቸው። ስልኩ እንደ አጠያየቃችን ወይ መጽሐፍ ቤት ይሆናል፣ ወይም ካርድ ጨራሽ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

እኔ በዚህ ዓመት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በ2014 ዓ.ም. ብሔራዊውን ፈተና ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ እንደ ነበሩ ሁላችንም ሰምተናል። ይህን ቁጥር ያስታወሰ ተማሪ አንዲት ሰዓት እንኳ በከንቱ ፍለጋ ማጥፋት አይወድም። ስለዚህ መፈለጊያ የተባለው ነገር እንዴት እንደሚሠራ፣ በአማርኛ ስንጠይቀው ለምን እንደሚቸገር፣ ዘንድሮ ለትምህርት መክፈቻ የመጡትም አዳዲስ መሣሪያዎች ምን እንደ ሆኑ፣ ካነበብሁትና በራሴ ላይ ከደረሰው የማውቀውን ያህል እነግራችኋለሁ።

ብዙ ሰው መፈለጊያው ጥያቄያችንን ሰምቶ በዚያችው ቅጽበት ዓለምን ዞሮ የሚመለስ ይመስለዋል። እኔም እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የመፈለጊያው ባለቤት የሆነው ድርጅት ኮምፒዩተሮች ጠያቂ ቢኖርም ባይኖርም ሌሊትና ቀን ከአንዱ ድረ ገጽ ወደ ሌላው እየተሸጋገሩ ያነባሉ። ይህ ፕሮግራም በድር ላይ የሚመላለስ ስለ ሆነ ሸረሪት ይሉታል። ሸረሪቱ ያነበበውን ሁሉ ማውጫ ይሠራለታል። አንዳንድ ትልልቅ መጻሕፍት በመጨረሻቸው ላይ ቃላትን በፊደል ተራ ደርድረው በየትኛው ገጽ እንደሚገኙ የሚያሳዩበት ዝርዝር አላቸው። የመፈለጊያውም ማውጫ እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ የአንድ መጽሐፍ ሳይሆን የብዙ ቢሊዮን ገጾች ማውጫ መሆኑ ነው። «አንኮበር» ብለን ስንጽፍ እንግዲህ ማሽኑ ዓለምን አይዞርም፤ ማውጫውን ገልጦ «አንኮበር» በሚለው ቃል ሥር የተመዘገቡትን ገጾች ያወጣል።

ከወጡት መካከል የትኛው ይቅደም? ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን የተባሉ ሁለት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ጉግልን ሲመሠርቱ የተነሡት ከዚህ ጥያቄ ነበር። አሳባቸውን በአገራችን ምሳሌ ላስረዳ። አንድ እንግዳ ሰው ከተማችን መጥቶ «ጥሩ ሸማኔ ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ሸማኔውን ራሱን አይጠይቅም፤ ሌላውን ሰው ይጠይቃል። ብዙ ሰው የጠቆመውን ያስቀድማል፤ ደግሞም ጠቋሚው ራሱ የተከበረ ሽማግሌ ከሆነ የእርሱ ቃል ከአሥር መንገደኛ ቃል ይበልጣል። ድረ ገጾችም እርስ በርሳቸው ይጠቋቆማሉ። ብዙ ጠቋሚ፣ በተለይም ብዙ የተጠቆመ ጠቋሚ ያለው ገጽ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ዛሬ ከዚህ ሌላ እጅግ ብዙ ነገር ይታሰባል፤ ይሁን እንጂ መሠረቱ ይህ ነው። ልብ በሉ፤ መጀመሪያ የመጣው መልስ ብዙ የተጠቆመው ነው እንጂ እውነተኛው ነው ማለት አይደለም። በዚህ ነገር እኔ ራሴ ምን እንዳገኘኝ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

አሁን ወደ ፊደላችን እንምጣ፤ ምክንያቱም ትልቁ ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ የሚያውቀው ድምፅን ሳይሆን ፊደልን ነው። ለእኛ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» በንባብ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን «ሀ» እና «መ» የተለያዩትን ያህል የተለያዩ ናቸው። «ሰ» እና «ሠ»፣ «አ» እና «ዐ»፣ «ጸ» እና «ፀ» እንዲሁ ናቸው። ይህ ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማየት አንድ ቀን ደብተሬን ይዤ የአንኮበሩን ንጉሥ የሣህለ ሥላሴን ስም በስንት መንገድ መጻፍ እንደሚቻል ቆጠርሁ። የመጀመሪያው ፊደል ሁለት ዓይነት ነው፤ ሁለተኛው (ህ፣ ሕ፣ ኅ) ሦስት ዓይነት ነው፤ «ሥ» ሁለት፣ «ሴ» ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። ሁለት በሦስት፣ በሁለት፣ በሁለት ሲባዛ 24 ይመጣል። አንዳንዱ ጸሐፊ ስሙን አያይዞ፣ ሌላው ለይቶ ይጽፈዋልና ይህ ሲጨመር 48 ይሆናል። አንድ ንጉሥ፣ 48 ስም! አንዳንዱ መፈለጊያ እነዚህን ፊደሎች ለማቀራረብ ይሞክራል፤ ነገር ግን ሁልጊዜ አይሳካለትም። በስልክ ውስጥ ያለውን የፒ.ዲ.ኤፍ. መጽሐፍ ስንፈትሽማ ብዙውን ጊዜ የጻፍነውን ፊደል ብቻ ነው የሚፈልገው።

የከተማችን ስም ራሱ ከዚህ አላመለጠም። አንዱ «ጎረቤላ» ይላል፤ ሌላው «ጐረቤላ» ይላል። በላቲን ፊደል ሲሆን ደግሞ አንዳንዱ «ኤል»ን አንድ ጊዜ፣ አንዳንዱ ሁለት ጊዜ ይጽፋል። እኔ በሁለቱም ሞክሬ የተለያየ ነገር ስላገኘሁ፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ስም ሳይገኝ ሲቀር «የለም» ከማለቴ በፊት ፊደሉን እለውጣለሁ። ደብረ ብርሃንም «ብርሃን»፣ «ብርሀን»፣ «ብርኃን» ተብሎ ተጽፎ ይገኛልና እዚያም እንዲሁ ማድረግ ይገባል።

ከፊደሉ ቀጥሎ ያለው ችግር የቋንቋችን ጠባይ ነው። እንግሊዝኛ ለብቻው የሚጽፈውን ቃል እኛ በስሙ ላይ እንለጥፈዋለን። «ትምህርት»፣ «በትምህርታችን»፣ «ከትምህርቱም»፣ «ስለትምህርቶቹ» ስንል ለእኛ ሥሩ አንድ ነው፤ ለማውጫው ግን አራት የተለያዩ ቃላት ሊሆኑ ይችላሉ። ግሡ ደግሞ ይብሳል፤ «ሰበረ»፣ «ይሰብራል»፣ «ተሰባበረ»፣ «መስበር» በማለት ውስጡን ይለዋውጣል። እ.ኤ.አ. በ2002 ነጋ ዓለማየሁና ፒተር ዊሌት የተባሉ ተመራማሪዎች ኮምፒዩተር የአማርኛን ቃል ከቅጥያው ለይቶ ግንዱን የሚያገኝበትን መንገድ አጥንተው አሳትመዋል። ከእነርሱም በኋላ ብዙዎች ሠርተውበታል። ተማሪ ግን ያ ሁሉ እስኪፈጸም መጠበቅ የለበትም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሙሉ ዐረፍተ ነገር በመጻፍ ፈንታ ስሞቹን ብቻ፣ ያለ «በ» እና ያለ «ከ»፣ እርቃናቸውን መጻፍ ነው። «በአንኮበር ስለነበሩት ነገሥታት ንገረኝ» ከማለት «አንኮበር ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ» ማለት ይሻላል።

ከዚህ ላይ ስለ ቀድሞው ዘመን አንድ ቃል ልጨምር። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው ለፊደሎቹ የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ስለ ነበር በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ማንም መፈለጊያ ሊያነበው አይችልም። እነሆ ዛሬ በስልካችን «አንኮበር» ብለን መጻፋችን ራሱ የብዙ ሰዎች ድካም ፍሬ ነው። በ2008 ዓ.ም. የካቲት ጉግል ትርጉም አማርኛን ጨመረ፤ በ2009 ዓ.ም. ነሐሴ የጉግል የድምፅ መጻፊያ አማርኛን መስማት ጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. ግንቦት ደግሞ ኦሮምኛና ትግርኛ ወደ ትርጉሙ ገቡ። የድምፁ ነገር መጻፍ ለማይሆንላቸው ወላጆቻችን በጣም ይረዳል። አያቴ የሰማችው ዕለት ስልኩን ትክ ብላ አየችውና «ይኸ ደግሞ ጆሮውን የት ደብቆት ነው?» አለች።

እንግዲህ በአማርኛ ያልተጻፈውን ነገር በአማርኛ ብንፈልግ አይገኝም። የአማርኛው ውክፔዲያ ወደ 15,000 ያህል ጽሑፎች ሲኖሩት የእንግሊዝኛው ከስድስት ሚሊዮን በላይ አለው። እኛም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የምንማረው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ ለሳይንስ ትምህርት በእንግሊዝኛው ቃል መጠየቅ ግድ ነው። ፊዚክስን ልውሰድ። በአማርኛ «ኃይል» ስንል አንድ ጊዜ «ፎርስ»ን፣ አንድ ጊዜ «ፓወር»ን፣ አንዳንዴም «ኢነርጂ»ን ማለታችን ነው። በፈተና ላይ ግን ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ መለኪያቸውም ኒውተን፣ ዋትና ጁል ነው። ጥያቄውን በአማርኛ ጽፎ በመተርጐሚያ የሚያሻግር ተማሪ ከየትኛው እንደሚደርስ አያውቅም።

ሌላም ምሳሌ አለኝ። ባለፈው ዓመት ለባዮሎጂ ትምህርት በአንኮበር አካባቢ ስለምትገኝ አንዲት ትንሽ ወፍ እንድጽፍ ታዘዝሁ። «የአንኮበር ወፍ» ብዬ ብፈልግ ስለ ወፍ ዋሻ ደን መጣልኝ። ደኑ መልካም ነው፤ እኔ የፈለግሁት ግን ወፏን ነበር። በኋላ መምህራችን በሰጡኝ ሳይንሳዊ ስም፣ መጨረሻው «አንኮበረንሲስ» በሚለው፣ ስፈልግ ወዲያው አገኘኋት። ጆን አሽ የተባለ የወፍ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1976 አግኝቷት በ1979 ለሳይንስ ዓለም ገልጿታል። የዚህ ወረዳ ስም በዓለም መጻሕፍት ሁሉ በወፍ ስም ላይ ተጽፎ ሳለ እኔ እዚሁ ተወልጄ አላውቀውም ነበር። ሳይንሳዊ ስም ለተማሪ እንደ ቁልፍ ነው፤ የፊደል አጻጻፉ አንድ ነውና በየትኛውም አገር የተጻፈውን ይከፍታል።

የቀን አቆጣጠርም እንዲሁ ያሳስታል። የዓድዋን ጦርነት በ1888 የሚፈልግ የእኛን ጸሐፊዎች፣ በ1896 የሚፈልግ የውጭዎቹን ያገኛል። ሁለቱንም መሞከር ነው። ቃላት ተለያይተው እንዳይመጡ ከተፈለገ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ይጻፋሉ፤ የማይፈለግ ቃል ካለ በፊቱ የመቀነስ ምልክት ይደረግበታል። የመማሪያ መጽሐፍ የሚፈልግ የትምህርቱን ስምና ክፍሉን በእንግሊዝኛ ጽፎ «ፒ.ዲ.ኤፍ.» የሚለውን ይጨምር። ነገር ግን የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ መሆኑን ሽፋኑን አይቶ ያረጋግጥ፤ አሮጌውን አውርዶ አንድ ምዕራፍ ሙሉ ያጠና ሰው አውቃለሁ።

አሁን ወደ ዘንድሮ አዲስ ነገሮች ልምጣ። የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የሚከፈቱት ከእኛ መስከረም ጥቂት ቀደም ብሎ ስለ ሆነ ድርጅቶቹ አዲስ ዕቃቸውን የሚያወጡት በእኛ ክረምት ነው። በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ 22 ቀን ኦፕን ኤ.አይ. የተባለው ድርጅት በቻት ጂ.ፒ.ቲ. ላይ የጥናት ዘዴ ጨመረ፤ በሳምንቱ፣ ሐምሌ 30 ቀን፣ ጉግል በጀሚኒ ላይ እርሱን የሚመስል የመምሪያ ትምህርት ጨመረ። የሁለቱም አሳብ አንድ ነው፤ መልሱን በቀጥታ በመስጠት ፈንታ ተማሪውን እየጠየቁ ደረጃ በደረጃ ማድረስ ነው። እኔ አንድ ቀን ከገደል አፋፍ ስለ ተለቀቀ ድንጋይ የፊዚክስ ጥያቄ ባቀርብ «በድንጋዩ ላይ የሚሠራው ኃይል የትኛው ነው?» ብሎ መልሶ ጠየቀኝ። መጀመሪያ ተናደድሁ፤ ቸኩዬ ነበርና። ኋላ ግን ጥያቄው የእኔው መምህር የሚጠይቁት ዓይነት መሆኑን አየሁ። ከዚህ ቀደም ብሎ የመጣው ጉግል ሌንስ የተባለው ደግሞ የጥያቄውን ፎቶግራፍ አንሥተን ብናቀርብለት መልስ ይፈልግልናል። እርሱን ብዙ አልወደውም። የሠራነው ስሌት ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ይጠቅማል፤ ሳይሠሩ ለሚገለብጡ ግን የቤት ሥራቸው ከመቶ መቶ ሆኖ የክፍል ፈተና ሲመጣ ከየት እንደሚጀምሩ ይጠፋቸዋል።

እነዚህ መልስ ሰጪ ማሽኖች ከቀድሞው መፈለጊያ የተለዩ መሆናቸውን ወላጆችም እንዲያውቁት እወዳለሁ። የቀድሞው ገጹን አሳይቶ «ይኸው አንብብ» ይለናል። አዲሱ ግን ቀድሞ ካነበበው እጅግ ብዙ ጽሑፍ በመነሣት ቀጥሎ ሊመጣ የሚገባው ቃል የትኛው እንደ ሆነ እየገመተ ራሱ ዐረፍተ ነገር ይሠራል። አነጋገሩ የማያመነታ ነው፤ ሲሳሳትም እንኳ አንደበቱ አይሰናከልም። ብዙ በተጻፈበት ነገር ግምቱ ይቀናዋል፤ ጥቂት በተጻፈበት፣ እንደ እኛ አገር ባለው ነገር ላይ ግን ይስታል።

ቆይቼ እነግራችኋለሁ ያልሁት ይህ ነው። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ስለ ዳግማዊ ምኒልክ ልጅነት ጽፌ በክፍል ፊት እንዳነብ ተመደብሁ። ስሙን ከማልጠራው አንድ ማሽን የት እንደ ተወለዱ ብጠይቀው «በአንኮበር» ብሎ መለሰልኝ። ከሌላ ቦታ ላመሳክር አልፈለግሁም። ለምን ቢሉ፣ መልሱ ደስ አሰኝቶኛልና ነው። የአንኮበር ልጅ ሆኖ ይህን የሚጠላ ማን ነው? በማግሥቱ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁ፤ ጓደኞቼም አጨበጨቡ። የታሪክ መምህራችን እስክጨርስ ዝም ብለው ካዳመጡኝ በኋላ «ከየት አገኘኸው?» አሉኝ። «ከኢንተርኔት» አልሁ። «ኢንተርኔት የሚባል ጸሐፊ አላውቅም፤ ማን ጻፈው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ከዚያ በኋላ በሰጡኝ የሦስት ቀን ጊዜ መጻሕፍቱንም ድረ ገጾቹንም ፈተሽሁ። ምኒልክ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በምትገኘው በአንጎለላ መሆኑን አብዛኞቹ የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማሙበታል። አንኮበር በኋላ መናገሻቸው ነበረች። ሆኖም «አንኮበር ተወለዱ» የሚሉ የታወቁ የውጭ መዛግብት እንዳሉም አገኘሁ። ማሽኑ እንግዲህ ከልቡ አልፈጠረውም፤ የተባለውን ደገመው። ያን ዕለት እኔም ከእርሱ የተሻልሁ አልነበርሁም። ከዚያ ወዲህ ማሽን ለሚሰጠኝ መልስ ሁሉ የመምህራችንን ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ «ማን ጻፈው? መቼ? የት ሆኖ?» ገጹን ካላሳየኝ በደብተሬ አላሰፍረውም።

በዚያ ፍለጋ ያገኘሁት ሌላ ሀብት አለ። ከእንግሊዝ መንግሥት ተልኮ እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው ዊልያም ኮርንዋሊስ ሀሪስ ስለ ሸዋ በሦስት ቅጽ ጽፎ በ1844 ለንደን ላይ አሳትሟል። ይህ መጽሐፍ ኢንተርኔት አርካይቭ በተባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ቤት ያለ ዋጋ ይነበባል። ሰውየው ስለ አገራችን ሰው ሲጽፍ ትዕቢት ይታይበታል፤ ብዙም ያጋንናል። ሆኖም ዛሬ በየቀኑ ቀና ብለን የምናየውን ተራራ የዛሬ 180 ዓመት ያህል አንድ እንግዳ ምን ብሎ እንደ ጻፈው ማንበብ ለእኔ ትልቅ ነገር ሆነብኝ።

የቀረኝ የመረቡ ነገር ነው። በ2015 ዓ.ም. በክረምቱ የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ሲቋረጥ 9ኛ ክፍልን መጨረሴ ነበር። ከዚያም ለብዙ ወራት ያለ እርሱ ተማርን። በዚያን ጊዜ በስልኩ መጽሐፍ አውርዶ ያስቀመጠ ተማሪ እንደ ባለ ጎተራ ይታይ ነበር፤ ጓደኞቹ በብሉቱዝ ለመውሰድ ይሰለፉለት ነበር። ስለዚህ መረብ በሚኖርበት ጊዜ ማጠራቀም ያስፈልጋል። ኪዊክስ የተባለ ፕሮግራም ውክፔዲያን አንድ ጊዜ አውርዶ ያለ መረብ ለማንበብና በውስጡም ለመፈለግ ያስችላል። የአማርኛው ትንሽ ስለ ሆነ በማንኛውም ስልክ ይገባል፤ የእንግሊዝኛው ሙሉው እጅግ ከባድ ነው፤ ነገር ግን ተመርጦ ያጠረ አለው።

እኔ ኪዊክስን ከአማርኛው ውክፔዲያ ጋር፣ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የሳይንስ መጻሕፍትን፣ የሀሪስንም ሦስት ቅጾች በአንድ ሚሞሪ ካርድ ላይ አኑሬያቸዋለሁ። መገልበጥ የሚፈልግ በዕረፍት ሰዓት ወደ ክፍላችን ይምጣ፤ ባዶ ካርድ ግን ይዞ ይምጣ፤ የእኔን አላውስም።